አንጀት የሚበሳው ግራ እጅ፦ ታይላንዳዊው ካኦሳይ ጋላክሲና የሚዛኑ ፈተና



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ነው። የዛሬው ርእሳችን ግን ከወትሮው ለየት ይላል፤ አንድ ቡጢኛ ይዘን ቀርበናል። «ቡጢን ከጤና ዓምድ ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩት ቀበቶውንና ጭብጨባውን ብቻ ነው። ከቀበቶው በስተጀርባ ያለውን ሚዛን፣ ጥማትና የጭንቅላት ጉዳት የሚነግራቸው የለም። እኛ በፋርማሲ መስኮት የምንቆም ባለሙያዎች ደግሞ «በአንድ ሳምንት ኪሎ የሚቀንስ መድኃኒት የለም ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እየደጋገምን እንሰማለን። ስለዚህ በአንድ ታላቅ ስፖርተኛ ታሪክ ውስጥ አልፈን ስለ ራሳችን አካል ጥቂት ቁም ነገር ብንማማር መልካም ነው።

ከፔቻቡን እስከ ባንኮክ

ዓለም «ካኦሳይ ጋላክሲ» ብሎ የሚያውቀው ሰው ትክክለኛ ስሙ ሱራ ሳየንካም ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1959 ከባንኮክ በስተ ሰሜን በምትገኘው የፔቻቡን ክፍለ ሀገር ነው። ብቻውን አልተወለደም፤ ኒሮት የሚባል መንታ ወንድም አለው። እሱም በኋላ «ካኦኮር ጋላክሲ» በሚል ስም ታዋቂ ሆኗል። «ጋላክሲ» የቤተሰባቸው ስም አይደለም። ድጋፍ ይሰጣቸው ከነበረ የባንኮክ ትልቅ የመዝናኛና የምግብ ቤት ስም የተወሰደ ነው። በታይላንድ ቡጢኛ የደጋፊውን ወይም የማሠልጠኛውን ስም መያዙ የተለመደ ነው።

በታይላንድ ገጠር ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት እኛ የምናውቀውን ቦክስ ሳይሆን «ሙአይ ታይ» የተባለውን የአገራቸውን ፍልሚያ ነው። በሙአይ ታይ ጡጫ ብቻ ሳይሆን ክርን፣ ጉልበትና እግር ይፈቀዳል። ለብዙ ችግረኛ ቤተሰቦች ይህ ጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ልጁ ተጋጥሞ የሚያገኘው ገንዘብ ቤት ይደጉማል። ካኦሳይም በዚሁ መንገድ አልፏል። ይሁን እንጂ ዋናው ኃይሉ ከእግሩ ይልቅ በእጁ፣ ያውም በግራ እጁ ላይ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ ላይ ወደ ቦክስ ተሻገረ።

ጅማሬው አልጋ በአልጋ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ1981 ሳክዳ ሳክሱሪ ከተባለ የአገሩ ልጅ ጋር ለታይላንድ ሻምፒዮንነት ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። ብዙ ወጣት በእንዲህ ያለ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ካኦሳይ ግን ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ያ ሽንፈት በቦክስ ሕይወቱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆነ።

ሰባት ዓመት ከቀበቶው ጋር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ካኦሳይ ባንኮክ ውስጥ ከዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ኤውሴቢዮ ኤስፒናል ጋር ለዓለም ቦክስ ማኅበር (ደብልዩ.ቢ.ኤ.) ክብር ተጋጠመ። ተጋጣሚውን በ6ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ ቀበቶውን አጠለቀ። የተጋጠሙበት የክብደት ደረጃ ከ52 ኪሎ ከ163 ግራም ማለፍ የማይፈቅድ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመታት ቀበቶውን የወሰደበት አልተገኘም። በጠቅላላው 19 ጊዜ ክብሩን ያስከበረ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 16ቱን በዝረራ ነበር የጨረሰው። ሁሉንም በአገሩ ሕዝብ ፊት አልተጋጠመም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1987 ወደ ጃካርታ ሄዶ ኢንዶኔዥያውያን እጅግ የሚወዱትን ኤልያስ ፒካልን በገዛ አገሩ ገጠመው። ግጥሚያው እስከ 14ኛው ዙር ዘለቀና በካኦሳይ ዝረራ ተጠናቀቀ። በኮሪያና በጃፓንም ተጋጥሞ ድል ይዞ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1988 ደግሞ ሌላውን የአገሩን ልጅ ኮንግቶራኒ ፓያካሩንን በነጥብ አሸነፈ።

መንታ ወንድሙም ወደ ኋላ አልቀረም። ካኦኮር እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1988 የፖርቶ ሪኮውን ዊልፍሬዶ ቫስኬዝን አሸንፎ ከወንድሙ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። በዚህም በዓለም የቦክስ ታሪክ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቁ የመጀመሪያዎቹ መንታ ወንድማማቾች ሆኑ። የካኦኮር ዘመን ግን አጭር ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኮሪያ ውስጥ በሙን ሱንግ ኪል ተሸነፈ። በጁላይ 1989 ቀበቶውን ቢያስመልስም በኦክቶበር ወር ከፊሊፒንሱ ሉዊሲቶ ኤስፒኖሳ ጋር ሲጋጠም በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ሻምፒዮንነት አልተመለሰም። ከአንድ ማሕፀን በአንድ ቀን የወጡ፣ በአንድ ማሠልጠኛ የሠለጠኑ ሁለት ወንድማማቾች እንኳ የአካላቸው ዕጣ አንድ አልሆነም።

ካኦሳይ የመጨረሻ ግጥሚያውን ያደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1991 ባንኮክ ውስጥ ሲሆን ተጋጣሚው የሜክሲኮው አርማንዶ ካስትሮ ነበር። በነጥብ አሸነፈና በ32 ዓመቱ ቀበቶው ወገቡ ላይ እያለ ጓንቱን ሰቀለ። 47 ድል፣ ከእነዚህም ውስጥ 41 በዝረራ፣ ሽንፈት ደግሞ አንድ ብቻ፤ መዝገቡ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስሙ አሜሪካ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የቦክስ የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ግራ እጁ ለምን አስፈሪ ሆነ?

ታይላንዳውያን የካኦሳይን ግራ እጅ «አንጀት የሚበሳ ግራ» ይሉት ነበር። አባባሉ የሕዝብ ማጋነን ቢመስልም በውስጡ የሕክምና እውነት አለ። ካኦሳይ ግራኝ ነበር። የግራኝ ቡጢኛ ግራ እጅ የሚያርፈው በተጋጣሚው ቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። በዚያ ቦታ ያለው ምንድን ነው? ጉበት ነው።

ጉበት በአዋቂ ሰው እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ ደም የሞላበት ትልቅ የአካል ክፍል ነው። የሚሸፍነው ስስ ልባስ በነርቭ የተሞላ በመሆኑ ድንገት ሲመታ ከባድ ሕመም ይፈጥራል። ከሕመሙም በላይ ሰውነት ከፈቃዳችን ውጭ መልስ ይሰጣል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። ለዚህ ነው ጉበቱ ላይ የተመታ ቡጢኛ አእምሮው ሳይደበዝዝ፣ ዓይኑ እያየ በጉልበቱ የሚንበረከከው። መነሣት ቢፈልግም እግሩ አይታዘዘውም።

ከዚህ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት አለ። ልጅ ከብስክሌት ወድቆ ወይም በጨዋታ መሐል ሆዱን ተመትቶ «ቀኝ ጎኔን አመመኝ» ካለ አቅልላችሁ አትዩት። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ካዞረው ውስጣዊ መድማት ሊኖር ይችላልና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ማስታገሻ ሰጥቶ ማስተኛት መፍትሔ አይደለም።

ከተጋጣሚው በፊት የሚገጥመው ሚዛን

አሁን ወደዚያች ቁጥር እንመለስ። 52 ኪሎ ከ163 ግራም። ካኦሳይ ቀበቶውን ለመውሰድ አንድ ጊዜ፣ ለማስከበር ደግሞ 19 ጊዜ፣ በድምሩ 20 ጊዜ ለዓለም ክብር ወደ ሚዛን ወጥቷል። ሃያውንም ጊዜ ከዚያች ቁጥር ማለፍ አልነበረበትም። የ25 ዓመት ወጣት ሆኖ የጀመረው ሰው 32 ዓመቱ ድረስ በዚያው ክብደት መቆየት ነበረበት። በቡጢ ዓለም የመጀመሪያው ተጋጣሚ ሚዛን ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደትን በሁለት መንገድ መቀነስ ይቻላል። አንደኛው ስብን መቀነስ ነው። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጤናማው መጠን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ሁለተኛው ውኃን ማውጣት ነው። ይህ በሰዓታት ውስጥ ብዙ ኪሎ ያወርዳል፤ ነገር ግን የወረደው ኪሎ ስብ ሳይሆን የደማችን ውኃ ነው። ቡጢኞችና ታጋዮች ከሚዛኑ ዋዜማ ጀምሮ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፣ በእንፋሎት ክፍል ይቀመጣሉ፣ ላብ የማያስወጣ የላስቲክ ልብስ ለብሰው ይሮጣሉ። አንዳንዶቹም የሚያሸና መድኃኒት ይውጣሉ።

የአዋቂ ሰው ሰውነት ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 1 ሊትር ከሩብ ገደማ ፈሳሽ ቢያጣ፣ ማለትም ከክብደቱ 2 በመቶ ያህሉ ቢጎድል፣ ጉልበቱና ትኩረቱ መቀነስ ይጀምራል። ጉድለቱ እየጨመረ ሲሄድ ደሙ ይወፍራል፣ መጠኑም ያንሳል። ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ፈጥኖ ይመታል። ላብ ስለሚቆም ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ኩላሊት በቂ ደም ስለማያገኝ ሥራው ይታወካል። ከውኃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉት ጨዎች ሲዛቡ የልብ ምት ሥርዓቱን ይስታል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ከአምስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሞቱ። የላስቲክ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ውኃ ሳይጠጡ ይለማመዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የላስቲክ ልብስ፣ ሳውናና የሚያሸና መድኃኒት በኮሌጆቹ ትግል ተከለከሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ደግሞ ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ተጋጣሚ ማኒላ ውስጥ ለሚዛን ሲዘጋጅ በፈሳሽ እጥረት ወድቆ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። አወዳዳሪው ድርጅትም ሕጉን ለውጦ ተጋጣሚዎች በሽንት ምርመራ ሰውነታቸው በቂ ውኃ እንዳለው እንዲያረጋግጡ አደረገ።

እንደ መድኃኒት ባለሙያ አንድ ነገር ላሳስብ። ፉሮሰማይድ (ብዙዎች ላዚክስ የሚሉት) የልብ ድካም ላለባቸውና ሰውነታቸው ውኃ ለቋጠረ ሕሙማን የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለጤነኛ ወጣት ግን አደገኛ ነው። አንድ ግራም ስብ እንኳ አይቀንስም፤ የሚያወጣው ውኃንና ፖታሲየምን ነው። በስፖርትም ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት ከከለከላቸው ውስጥ ይገኛል። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በቤታችሁ የአባት ወይም የእናት የልብ መድኃኒት ካለ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አኑሩት። «ኪሎ ይቀንሳል» ብሎ የሚያካፍል ጎረቤትም ቢኖር አትቀበሉት።

ጾም ከዚህ ጋር አንድ ነውን?

«እኛም በረመዳን ውኃ ሳንጠጣ እንውላለን፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጿሚ ሱሑር ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል፣ ሌሊቱን ሙሉ የጎደለውን ይተካል። የታመመና መንገደኛ ደግሞ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ራሱን ለሚዛን የሚያደርቅ ሰው ግን ሆን ብሎ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ያልበዋል፤ የጎደለው እንዳይተካም ይጠነቀቃል። ጾም አካልን ለመጉዳት የተደነገገ አይደለም። በረመዳን ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርጉት፣ ውኃውንም በአንድ ጊዜ ከመጋት ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ድረስ ከፋፍለው ቢጠጡ ይመረጣል።

የማይጠገነው አካል

የአንጎል ነገር ከሁሉ ይከብዳል። አንጎል አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ ለስላሳ አካል ነው። ራስ ሲመታና በድንገት ሲዞር አንጎል በራስ ቅሉ ውስጥ ይናወጣል፤ ስስ የነርቭ ክሮቹም ይለጠጣሉ። ጓንት የእጅን አጥንት ይጠብቃል፤ የራስ መከለያም ቁስልንና መሰንጠቅን ይቀንሳል። አንጎልን ከመናወጥ የሚያድን ጓንትም ሆነ መከለያ ግን የለም። ሐኪሞች በድብደባ ብዛት የሚመጣውን የቡጢኞች የአእምሮ መዳከም ከ1928 ጀምሮ በጽሑፍ አስፍረውታል። በሃይማኖታችንም ፊትን መምታት የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም በመድረሳ ተምረነዋል፤ የቡጢን ሑክም በዝርዝር ማስረዳት ግን የዑለማዎቻችን ድርሻ ነው።

ጉዳቱ በልጅ ላይ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በባንኮክ አቅራቢያ በሳሙት ፕራካን አንድ የ13 ዓመት ልጅ ያለ ራስ መከለያ ሙአይ ታይ ሲጋጠም ተመትቶ ወደቀ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶም ሞተ። መጋጠም የጀመረው በ8 ዓመቱ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. የ1999 የታይላንድ የቦክስ ሕግ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በወላጅ ፈቃድ እንዲጋጠሙ በር ይከፍት ነበር። ባንኮክ የሚገኘው የራማቲቦዲ ሆስፒታል ሐኪሞች የልጅ ቡጢኞችን አንጎል በኤም.አር.አይ. መርምረው ከማይጋጠሙት ልጆች ጋር በማነጻጸር ጉዳት ማየታቸውን አስታውቀዋል። ከልጁ ሞት በኋላ በአገሪቱ የልጆች ግጥሚያ ይከልከል አይከልከል የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ልጁ ቤተሰቡን የሚረዳበት ነው፤ ባህላችንም ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «የልጅ አንጎል የቤተሰብ መተዳደሪያ ሊሆን አይገባም» ይላል። እኔ እንደ ጤና ባለሙያም እንደ እናቶች ወዳጅም ከሁለተኛው ጋር እቆማለሁ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ልጃችሁ ቦክስ፣ ቴኳንዶም ሆነ ሌላ ስፖርት ቢወድ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ጤናማውን መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ ለማደግ ላይ ላለ ልጅ በሚዛን ምክንያት ምግብና ውኃ አይከለከልም። አሠልጣኙ «ኪሎ ቀንስ» ካለው ቀርባችሁ አነጋግሩት፤ ልጁ ከፍ ባለው የክብደት ደረጃ ይጋጠም።

ሁለተኛ፦ የኃይል ምንጭ የሆኑ ምግቦችን (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ)፣ ሰውነት ገንቢዎችን (ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት) እና አትክልትና ፍራፍሬን በየቀኑ ያግኝ። ውድ የሆኑ የጡንቻ ዱቄቶች አስፈላጊ አይደሉም።

ሦስተኛ፦ የሽንቱን ቀለም እንዲያይ አስተምሩት። የገረጣ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ሰውነቱ ውኃ ተጠምቷል። ብዙ ካላበው ከውኃው ጋር ጨው የሚተካ ምግብ ይብላ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጣችሁ ስጡት።

አራተኛ፦ ራሱን ከተመታ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ትውከት፣ መርሳት፣ የብርሃን ጥላቻ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየበት ያን ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። ሐኪም ሳያየውና ምልክቶቹ ሁሉ ሳይጠፉም አይለማመድ። የመጀመሪያው ጉዳት ሳይሽር የሚመጣ ሁለተኛ ምት ሊገድል ይችላል። ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከተንቀጠቀጠ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ጓንት መስቀልን ማወቅ

በካኦሳይ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች የሚያደንቁት 41 ዝረራዎቹን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቅለት ዲሴምበር 22 ቀን 1991ን ነው። ቀበቶ አለው፣ ሕዝብ ይወደዋል፣ ገንዘብም ይጠብቀዋል። እሱ ግን «በቃኝ» አለ። ብዙ ታላላቅ ቡጢኞች ይህን ቃል ሳይናገሩት ቀርተው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ አርጅተዋል። ካኦሳይ ከዚያ በኋላ በፊልምና በንግድ ሥራ ተሰማርቶ፣ ያካበተውንም ዕውቀት ለወጣቶች እያካፈለ ኖሯል።

አካላችን በአደራ የተሰጠን ነው። ቀበቶ ይጠፋል፣ ጭብጨባም ይቆማል፤ ጉበት፣ ኩላሊትና አንጎል ግን እስከ ዕለተ ሞታችን አብረውን ይኖራሉ። ልጆቻችሁ ከካኦሳይ ግራ እጁን ብቻ ሳይሆን «በቃኝ» ማለቱንም እንዲማሩ ንገሯቸው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ፣ አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።